ያገለገለ ሃይሉክስ ስትገዙ የትኛውን ትውልድ ትመርጣላችሁ? ደረጃ በደረጃ

ሃይሉክስ የሚባለውን የቶዮታ ፒካፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ደላላ ጋ ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ሞዴል ነው?" ነው። ሁለተኛው "መጨረሻው ስንት ነው?" ይሆናል። ሦስተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የለም። ለቤት መኪና ይሄ ሊያስኬድ ይችላል። ለሃይሉክስ ግን አያስኬድም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ከትውልድ ትውልድ ሞተሩ ሌላ፣ የፊት እግሩ ሌላ፣ የሚስማማው ናፍጣ ሌላ፣ የሚያድነው መካኒክም ሌላ ነው። 2007 የተሠራው ከ2002ቱ የግድ ይሻላል ማለት አይደለም። ለአዲስ አበባ ሐዋሳ መንገድ አንደኛ የሆነው ጎዴ ሲደርስ መከራ ሊሆን ይችላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ትውልዱን የሚመርጥላችሁ መኪናው የሚውልበት ቦታ ነው። በጀት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ብቻ ልበልና እንግባ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው መኪና እዚሁ እየተገላበጠ ይሸጣል። የሃያ ዓመት ሃይሉክስ አምስት ስድስት ባለቤት ማየቱ የተለመደ ነው። ዋጋውም አይወርድም። በሌላ አገር ለቁርጥራጭ የሚሄድ ፒካፕ እኛ ዘንድ "ንጹሕ ነው" ተብሎ ይለፈፍለታል።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው የስሪት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደላላውም የሚጠራው እንደዚያው ነው።

ደረጃ 1፦ መኪናው የት ነው የሚውለው?

ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ። አብዛኛው ጉዞ አስፋልት ነው ወይስ ፒስታ? የሚጫነው ሰው ነው፣ እህል ነው፣ ሲሚንቶ ነው? ናፍጣ የምትቀዱት ከማደያ ነው ወይስ አንዳንዴ ከበርሜልና ከጀሪካን? መኪናው ቢቆም በአቅራቢያችሁ ያለው መካኒክ ኮምፒውተር አለው ወይስ ቁልፍና መዶሻ ብቻ?

ሦስተኛው ጥያቄ የሚገርም ክብደት አለው። አሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች በሜካኒካል ፖምፓ ይሠራሉ። ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ ውኃ ቢገባባቸው ይንገጫገጩና ፊልትሮ ሲቀየርላቸው ይቀጥላሉ። ዲ ፎር ዲ የሚባለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ግን ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት ነው የሚረጨው። በጀሪካን የተቀመጠ፣ ውኃ የነካው ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን ይበላቸዋል። አራት ኢንጀክተር መቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ነው ሐሳቡን የሚለውጠው።

ከፍታውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ተርቦ ያለው ግን አየሩን እየጠቀጠቀ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። ጣርማ በርን ጭነው የወጡ ሾፌሮች ልዩነቱን ያውቁታል።

ደረጃ 2፦ ትውልዶቹን ለዩ

ሃይሉክስ የተጀመረው በ1968 ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት በዋናነት ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለሚወዱት ሰዎች ተዉላቸው።

አምስተኛው ትውልድ ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው ነው። ባለ አራት እግር ጎታቹ ኤልኤን 106 ይባላል። ማዕዘኑ ሹል፣ መልኩ ሳጥን ነው። ሞተሩ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። የፊት እግሩ ድፍን አክስል ሆኖ በባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ባሌስትራው ቢሰበር የትም ወረዳ ከተማ ላይ የሚሠራው አይጠፋም። ትልቁ ችግሩ ዕድሜው ነው። ገመዱ ደርቋል፣ ላሜራው በልቷል፣ ካምቢዮው ተከፍቶ ተዘግቷል። ጉዞው ያደክማል፣ ግጭት ሲመጣም የሚከላከልላችሁ ነገር ጥቂት ነው። ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም። ከዋና መንገድ ርቆ ለሚኖር፣ መኪናውን ራሱ እየፈታ ለሚያስር ገበሬ ግን አሁንም ሁነኛ ነው።

ስድስተኛው ትውልድ ከ1997 እስከ 2005 አካባቢ ነው። እኔ በግሌ የማደላው ለዚህ ነው። ኤልኤን 166 ተብሎ የሚጠራው 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ይዞ ይመጣል። 5ኤል 3.0 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ መቶ ፈረስ አካባቢ ነው። አይሮጥም። ግን ይደርሳል። ጋቢናው ከ106ቱ በጣም ይሻላል፣ ደብል ጋቢናውም በደንብ ሰው ይይዛል። ኤልኤን 166 የፊት ድፍን አክስሉን አልተወም። በዚሁ ትውልድ ውስጥ ግን ፊቱ ለብቻ ለብቻ የሚንቀሳቀስ እግር ያለውም አለ፤ እሱ አስፋልት ላይ ይለሰልሳል፣ ክፉ መንገድ ላይ ግን ብዙ መገጣጠሚያ ስላለው ብዙ ይፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ከጎማ ጎማ አንድ ወፍራም ብረት ካለ ድፍኑ ነው።

እዚህ ትውልድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንዶቹ ተርቦ ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ይዘው ነው የመጡት፤ 2ኤል-ቲ እና 1ኬዜድ-ቲኢ። ጉልበታቸው ደስ ይላል። ሲሞቁ ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) በመሰንጠቅ የታወቁ ናቸው። ዓባይ በረሃን በቀትር ከድልድዩ ወደ ደጀን ጭኖ የሚወጣ ሰው ይሄን በደንብ ያስብበት።

ሰባተኛው ትውልድ ከ2004 እስከ 2015 የተሠራው፣ ሰው "ቪጎ" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ገዢው የሚምታታው። ውጪው አንድ ሆኖ ከኮፈኑ ሥር ሁለት የተለያየ መኪና አለ። አንዱ 5ኤል-ኢ ሞተር ያለው ነው፤ ያው የድሮው 3.0 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው፣ ፖምፓው ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ። የዕርዳታ ድርጅቶች ለገጠር ሥራ ይህን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌላው ዲ ፎር ዲ ነው፤ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ፣ 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ይባላል። 3.0ው ከ160 ፈረስ ጉልበት በላይ አለው። ከ5ኤል ወርዶ እሱ ላይ የወጣ ሰው ዳገት የጠፋ ይመስለዋል። ናፍጣም ይቆጥባል። ንጹሕ ናፍጣና ጥሩ መካኒክ ላለው ሰው ከሁሉም የሚመረጥ ነው። ሁለቱ ለሌለው ግን መዘዝ ነው።

ስምንተኛው፣ "ሪቮ" የሚባለው፣ ከ2015 ጀምሮ ያለው ነው። 2.4 እና 2.8 ሊትር ሞተሮቹ ታይሚንግ ቺንጋቸውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ) ትተው ካቴና፣ ማለትም የብረት ሰንሰለት ይዘዋል፤ ይሄ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል። ዋጋው ግን "ያገለገለ" የሚለውን ቃል ያስረሳል። ገንዘቡ ያለው ሰው የእኔን ምክር ብዙም አይፈልግም።

ደረጃ 3፦ ትንሿን የብረት ጽሑፍ አንብቡ

ደላላ "ዲ ፎር ዲ ነው" ሊላችሁ ይችላል። ሊብሬውም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ትንሿ የብረት ጽሑፍ ግን ትናገራለች። በአሮጌዎቹ ላይ ከኮፈኑ ሥር፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ትገኛለች። የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ። በላቲን ፊደል የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሆሄያት ሞተሩን ይነግሯችኋል፦

ኤልኤን ካለ የኤል ቤተሰብ ናፍጣ ነው። ኬዜድኤን ካለ 1ኬዜድ ነው። ኤልኤኤን ካለ የቪጎ ጋቢና ላይ የተቀመጠ 5ኤል ነው። ኬዩኤን 25 ባለ 2.5ቱ ዲ ፎር ዲ፣ ኬዩኤን 26 ባለ 3.0ው ነው። ጂዩኤን ሪቮ ነው። አርዜድኤን እና ቲጂኤን ቤንዚን ናቸው።

ቀጥሎ ከቁጥሩ በኋላ የምትመጣውን አንዲት ሆሄ ተመልከቱ። ኤል ከሆነች መሪው ከፋብሪካ በግራ ነው። አር ከሆነች መኪናው ሲሠራ መሪው በቀኝ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ መሪው አሁን በግራ ከሆነ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቀይሮታል። የተቀየረ መሪ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን የዝናብ መጥረጊያዎቹን አስነሡና እዩ፤ የሚጠርጉት ለተሳፋሪው ከሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባም የተደፈነ ቀዳዳ ካለ፣ ዋጋው ላይ ጠንከር ብላችሁ ተነጋገሩ።

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ሆሄ ካለው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትውልድ አገሩን ያሳያሉ። ጄቲኤፍ ጃፓን፣ ኤኤችቲ ደቡብ አፍሪካ፣ ኤምአር0 ታይላንድ ነው። "ኦሪጅናል የጃፓን" ተብሎ የሚለፈፍለት ቪጎ ብዙ ጊዜ ኤምአር0 ሆኖ ይገኛል። የታይላንዱ ያንሳል ማለት አይደለም። ሻጩ በዚህ ከዋሸ ግን በሌላውም አይሳሳም።

ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ራሱንም ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ነው። ጭቃውን በጨርቅ ጥረጉ። ቁጥሮቹ እኩል ጥልቀት አላቸው? ዙሪያው የተበየደ ወይም የተሞረደ ይመስላል? ጥርጣሬ ካለ እዚያው ላይ ተሰናበቱ። በዚህ ድርድር የለም።

ደረጃ 4፦ ከመካኒክ በፊት ወረቀት

ብዙ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄድና ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያያል። እኔ እገለብጠዋለሁ። ሞተር ይሠራል፣ የተበላሸ ወረቀት ግን አይሠራም።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለበት። በተለይ የሞተሩ። ኤልኤን 106 እና 166 ላይ ሞተር መቀያየር የተለመደ ነው፤ ተቀይሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ስም ሲዞር የሚንገላታው ገዢው ነው።

ቀጥሎ ቀረጥ ነው። የዕርዳታ ድርጅት፣ የኤምባሲ ወይም የኢንቨስትመንት መኪና ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ የሚከፈለው ደግሞ ትንሽ አይደለም። "ማን ይከፍላል?" የሚለው ከቀብድ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። መኪናው በባንክ ዕዳ መያዙን፣ የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት፣ የትራፊክ ቅጣት እንዳልተጠራቀመበት ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። የንግድ ሰሌዳ ያለው ከሆነ የሻጩን የግብር ክሊራንስም ጠይቁ።

ሻጩ ባለቤቱ ካልሆነ ውክልናውን ተመልከቱ። ውክልናው መሸጥን ይጨምራል? አልተሻረም? ውል የሚፈረመው ውልና ማስረጃ ፊት ነው። ካፌ ውስጥ በተጻፈ ወረቀት ገንዘብ የሰጠ ሰው በኋላ እግሩ እስኪቀጥን ይመላለሳል።

ደረጃ 5፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ አግኙት

ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ "ስንመጣ እንዳትነሣው።" ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ ጧት የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል። በሌላ ቀን ተመለሱ። "አሁን ገና ከታጠበበት መጣ" የምትለዋን ምክንያት እሷን ለሌላ።

ገና ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውኃው ላይ የዘይት ቅባት ይታያል? የዘይቱን ክዳንስ ከሥሩ ስታዩት እንደ ወተት ነጣ ያለ ነገር አለበት? ሁለቱም ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ራሱ ቴስታታው መበላሸቱን ነው የሚጠቁሙት።

አሁን ይነሣ። ጭሱን ከኋላ ሆኖ የሚያይላችሁ ሰው ይኑር። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ወይ ውኃ እየገባ ነው ወይ ናፍጣው በወጉ እየነደደ አይደለም። ጥቁሩን በልኩ እዩት። ተርቦ የሌለው 3ኤል ወይም 5ኤል አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ጥቁር ቢተፋ አየሩ ስለሳሳ ነው። እንደ ከሰል ማክሰያ ከሆነ ግን ፖምፓ ወይም ኖዝል ነው።

ቀጥሎ የምወዳት ምርመራ ናት፤ ገንዘብ አትጠይቅም። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፈታችሁ ቀዳዳው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። በትንሹ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይደለም። እየዘለለ ከወደቀ፣ ከቀዳዳውም ጭስ እየተገፋ ከወጣ፣ ሞተሩ "ይተነፍሳል"። የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል፣ ግፊቱ ከፒስተን ጎን እያለፈ ወደ ታች እየወረደ ነው። "ሞተሩ አልተከፈተም" ሲሉ በኩራት ነው። እንዲህ የሚተነፍስ ከሆነ ያልተከፈተው እናንተ እንድትከፍቱት ነው።

ሞተሩ ዲ ፎር ዲ ከሆነ ሌላም ሥራ አለ። ኢንጀክተሮቹ ሥር ጋዝ የሚከላከሉ የመዳብ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ሲያፈሱ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ወደ ጥቁር ሙጫነት ይለወጣል፣ ሙጫው ደግሞ ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ይዘጋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ምልክቱ ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ያለ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገርና "ችስ ችስ" የሚል ድምፅ ነው። መካኒኩ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በትንንሽ ጠርሙስ ይለካ። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ቶሎ ከሞላ ያ ኢንጀክተር አልቋል። በአንዳንድ 3.0 ሞተሮች ላይ ደግሞ ፒስተን የመሰንጠቅ ችግር ታይቷል፤ አንዷ ሲሊንደር ለብቻዋ የምትንኳኳ ከሆነ አትዳፈሩት። በኮምፒውተርም ይታይ። ስካን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስለ ኪሎ ሜትሩ ብዙ አልልም። ቆጣሪ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ መሪው ተልጦ፣ የሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ ሳለ 120 ሺህ ቢል ፔዳሉን እመኑ። በወጉ የተያዘ 5ኤል 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢል እኔ አልሸሽም።

ደረጃ 6፦ ከሥሩ ግቡ

የቆሸሸ ልብስ ልበሱና ግቡ። ሃይሉክስን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሻንሲው ነው። ከኋላ አክስሉ በላይ፣ የባሌስትራው መያዣዎች አጠገብ፣ እና ጋቢናውና ካሶኒው (የጭነቱ ሳጥን) በሚለያዩበት ቦታ ተመልከቱ። ብየዳ፣ የተለጠፈ ብረት፣ አዲስ ጥቁር ቀለም ካለ ጠይቁ። ከጎን ርቃችሁ ቆማችሁም እዩ፤ ካሶኒውና ጋቢናው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ወይም በተገላቢጦሽ ከሆነ ሻንሲው ታጥፏል። አንድ ቶን ገደማ ለመያዝ የተሠራ መኪና ላይ ሁለት ቶን ሲጫን የሚሆነው ይሄው ነው።

የድሮ ሥራውን ለማወቅ ሞክሩ። ከአፋር ጨው የጫነ ፒካፕ ካሶኒው ሥር ይበላል፤ ከላይ በስቱኮና በቀለም ይሸፈናል፣ ከሥር ግን በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ጫት ሲያመላልስ የኖረ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ላሜራው ያምራል፣ ሞተሩና ፍሬኑ ግን ያለ ዕረፍት ተገርፈዋል። "ሴት ልጅ ነበረች የያዘችው" ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚመጣ ደላላ አለ። የካሶኒው ወለል ላይ የበርሜል ጠርዝ ምልክት ካያችሁ ሴትዮዋ ናፍጣ ስትነግድ ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ዳገት ፈልጉ

ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። ዳገት ውሰዱት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እንጦጦ ቅርብ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ውጡ፣ የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። መርፌው መሐል ላይ ረግቶ መቆየት አለበት። ከወጣ በኋላ ቁልቁለቱን በማርሽ ብቻ ይውረድ፤ ማርሹ እየዘለለ ከወጣ ካምቢዮው ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነዳጅ ስትሰጡት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ካለ ቫልቮቹ አካባቢ ዘይት እየገባ ነው።

ፍሪሲዮኑን ለማየት አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጅ ርገጡ። ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልፈጠነ አልቋል። ድፍን አክስል ባላቸው ላይ በ60 እና በ80 መካከል መሪው እንዳይመታ ተጠንቀቁ፤ ከመታ የፊት ኩሽኔታዎቹ ወይም የመሪ ጫፎቹ ናቸው። የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን ከዋጋው ይቀነስ።

አራት እግሩን ሳታዩ አትመለሱ። አሮጌዎቹ ላይ የፊት ጎማው መሐል ያለውን መቆለፊያ በእጅ አዙራችሁ ቆልፉና አፈር ላይ አስገቡት። ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የሚንኳኳ፣ የሚያፏጭ፣ የማይገባ ነገር አለ? ብዙ ሰው አራት እግሩን ለዓመታት ሳይነካ ኖሮ የሚደርቅበት በዚህ ነው። አስፋልት ላይ ግን አትሞክሩት።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሙ

እንበል ሁለት መኪና ቀርቦላችኋል፤ ዋጋቸው ተቀራርቧል። አንዱ 2002 የተሠራ ኤልኤን 166፣ 5ኤል ሞተር፣ ንጹሕ ሻንሲ፣ መልኩ ግን የደከመ። ሌላው 2007 የተሠራ ዲ ፎር ዲ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ ሲነሣ ትንሽ የሚንኳኳ። ጎረቤት ሁሉ ሁለተኛውን ግዙ ይላችኋል። "አምስት ዓመት ያንሳል እኮ!" እኔ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። የደከመ ዲ ፎር ዲን ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ የ166ቱን ወንበር፣ ቀለምና ባሌስትራ አሠርቶ ይተርፋል።

ዲ ፎር ዲው ግን የአንድ ባለቤት ሆኖ፣ የሰርቪስ መዝገብ ይዞ፣ የኢንጀክተር ምርመራውን አልፎ ከመጣ፣ ሥራችሁም በአዲስ አበባ ዙሪያ አስፋልት ላይ ከሆነ፣ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በድርጅት ጨረታ የወጡትን በተለይ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የጉዞና የጥገና መዝገብ ይኖራቸዋል። መዝገቡን ለማግኘት ሁለት ቀን ቢፈጅባችሁም አግኙት።

በየትኛውም ትውልድ ያላችሁን ብር በሙሉ ለግዢው አታውሉት። ለስም ማዞሪያው፣ ለጎማና ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ። ይህ የማይተርፋችሁ ከሆነ አንድ ትውልድ ዝቅ በሉ፣ ግን ጤነኛውን ውሰዱ።

መኪናው በስማችሁ ከዞረ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ጋራዥ አስገቡት። የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ ይቀየር። ታይሚንግ ቺንጋውንም ሻጩ "ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ" ቢልም ቀይሩት። በኤል ሞተሮች በየ100 ሺህ፣ በኬዲዎቹ በየ150 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ነው፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም እዚያው ያበቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ ማስጠንቀቂያ መብራት ያላቸው አሉ። መብራቷ ግን ቺንጋው ሳይቀየርም በእጅ ትጠፋለችና በእሷ አትተማመኑ። የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉት። ነገ እናንተም ሻጭ ስትሆኑ ገዢው መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው።